ዝናብ የበላው ቀን

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ለአንድ ሰውዬ ክኒን ስቆጥር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ የገበያ ቀን ስላልሆነ መድኃኒት ቤቱ ጭር ብሏል። ሰውዬው ክንዱን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ፣ «የውሃ ቢሮው ይመር እኮ ሱብሂ ሶላት ላይ አረፈ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው አሉ» አለኝ። አስራ ሰባት ላይ ነበርኩ። አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ እያልኩ ሃያ አንድ ስደርስ ከረጢቷን አጠፍኩና፣ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ሰጠሁት። ቁጥሩ አልጠፋኝም። ሰውዬው ከወጣ በኋላ የሰማሁት ነገር የሆነ ቦታ ይነካኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ጠርሙሶቹን አቧራ ስላየሁባቸው መወልወል ጀመርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በልጅነቴ አብራኝ ኳስ የተጫወተችው ዘሀራ ከአዲስ አበባ ደወለች። ስልኩን ሳነሳው እያለቀሰች ነበር፤ ለብዙ ደቂቃ ከለቅሶዋ በስተቀር የሰማሁት ነገር የለም። በመጨረሻ፣ «አንቺ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

እውነቴን ነው፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ግን ዝም ያልኩት ለዚያ አልነበረም። እኔና ጋሽ ይመር ስምንት ዓመት ተኮራርፈን ነበር። ተኮራርፈን ስል ያኮረፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እኔን ቀርቶ የፈነዳ ቧንቧ እንኳ ሲያኮርፉ ያየ የለም። የመካነ ሰላም ሰው ይህን አያውቅም። ለከተማው እኔ ዛሬም የጋሽ ይመር የኳስ ልጅ ነኝ፣ ኳስ ይዤ በዋናው መንገድ እሮጥ የነበርኩት እመቤት። ሞታቸውን የነገረኝ ሰውዬም ቢሆን አስቦልኝ፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

ጋሽ ይመር የከተማው ውሃ ቢሮ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ቁመታቸው ረዥም ነው፤ ክንዳቸው ደግሞ ከቁመታቸው ጋር የተፎካከረ ይመስል የትኛውም እጅጌ አይደርስለትም። ሰማያዊ ቱታቸው ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ ጭቃ አለው። ከወግዲ በኩል የመጡ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ ኮምቦልቻ ሙያ ሲማሩ ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል። ምን ያህል እንደተጫወቱ ስንጠይቃቸው፣ «ለተጫዋቾቹ ውሃ ከሚያቀብለው ልጅ ትንሽ እሻል ነበር» ይሉናል። ያም ሆኖ ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው አይገቡም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይመጣሉ፤ እዚያ ሰባት ሴት ልጆች እንጠብቃቸዋለን።

ሰባታችንንም የሰበሰቡን በየቤታችን ዞረው፣ ወላጆቻችንን አስፈቅደው ነው። እኛ ቤት የመጡ ቀን እናቴ በሩ ላይ እንዳቆመቻቸው፣ «ሴት ልጅ ኳስ ተጫውታ ምን ልትሆን ነው?» ብላ አፋጠጠቻቸው። «ወላሂ እኔም አላውቅ» አሉ ጋሽ ይመር። «ብቻ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት የት እንዳለች ያውቃሉ።» እናቴ ሳቀችና አስገባቻቸው። አራቱ ሙስሊም፣ ሦስታችን ክርስቲያን ነበርን። ልምምድ ስንጀምር መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ያ ረቢ፣ ጉልበታቸውን ጠብቅ፣ ልባቸውን አንድ አርግ» ይላሉ፤ ወደኛ ዞር ብለው ደግሞ፣ «እናንተም በናንተው በሉ» ይሉናል። አሜኑን ግን በአንድ ላይ ነበር የምንለው።

ሜዳው ላይ ሁለት ባዶ ምሰሶዎች ነበሩ። ቀለበቶቹን ጋሽ ይመር ከተጣለ የውሃ ቧንቧ አጥፈው ሠሯቸው። ከፍታው ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም መሆን እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ ሜትሩ ግን ከንብረት ክፍል በፊርማ ነው የሚወጣው፣ ለቅርጫት ኳስ ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ደግሞ አልተገኘም። ስለዚህ በክንዳቸው ለኩት። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው፣ የገበያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሂሳብ ነው፤ ስድስት ክንድና አራት ጣት አሉና ብሎኑን አጠበቁት። እኛም በዚያ ቀለበት ሁለት ዓመት ወረወርን።

የሚያሠለጥኑበት መንገድ የራሳቸው ነበር፤ ከየትም አላየሁትም። በመጀመሪያው ቀን አቁመውን፣ «ወንፈል ታውቃላችሁ?» አሉን። እንዴት አናውቅም! ዛሬ ሁሉም ወጥቶ የአንዱን ማሳ ያርማል፣ ነገ የሌላውን፤ ተራው ሳይደርሰው የሚቀር የለም። «እንግዲያው ይኸም እንደዚያ ነው» አሉ። «በየቀኑ አንዲት ባለተራ ትኖራለች። ሌሎቻችሁ የምትሠሩት ለሷ ነው። የምትችለውን ልታሳየን አትምጣ፤ አረም የበዛበትን ይዛልን ትምጣ።»

የእኔ አረም ግራ እጄ ነበር። በቀኜ ኳስ ሳነጥር ከወንዶቹም የሚይዘኝ አልነበረም፤ ወደ ግራ ስዞር ግን እጄ የተውሶ ይመስል ኳሱ እግሬን መትቶ ይሄዳል። በተራዬ ቀን ጋሽ ይመር የራሴን ሻርፕ ተቀብለው ቀኝ እጄን ከወገቤ ጋር አሰሩትና ስድስቱን ልጆች በግራዬ ብቻ እንዲያቀብሉኝ አዘዟቸው። ስንት ኳስ እንዳመለጠኝ አላውቅም። ተናድጄ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ግን በተራዬ ቀን ሁሉ ሻርፔን ራሴ ፈትቼ እሰጣቸው ነበር።

የዘሀራ አረም ድምፅዋ ነበር። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ መሬት ውስጥ የምትሸሸግ የምትመስል ልጅ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ሞቶ እናቷ ቅቤ በመቸርቸር ነው ያሳደጓት። ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ኳስ አትጠይቅም። በተራዋ ቀን ጋሽ ይመር፣ «ካልጮኸች ማንም እንዳያቀብላት» አሉ። ሙሉ ሰዓት ያለ ኳስ ሮጠች። ሊያበቃ ሲል፣ «እዚህ!» አለች፤ ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም አብራን ሳቀች። ኳሱን የወረወርኩላት እኔ ነበርኩ።

በግጥሚያም ቢሆን ወንፈሉ አይቋረጥም። ባለተራዋ ኳሱን ይዛ የምትወጣው፣ ጨዋታውን የምትመራው ጋርድ ትሆናለች፤ ሌሎቻችን ደግሞ ክንፍም ሆነ ቀለበት ሥር፣ የተባልንበት እንቆማለን። እንዲህ ሆነን ነው ሁላችንም የሁሉን ሥራ የለመድነው። ኳስ ስናበላሽ አይቆጡም። ጨዋታውን አስቁመው፣ «ማንን ሳታይ ቀረሽ?» ብለው ይጠይቁናል። ያላየሽውን ልጅ ስም ካልጠራሽ ጨዋታው አይቀጥልም።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። የኛ አገር ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ልምምድ እንደጀመርን በረዶ ቀላቅሎ ይመጣና ወደ በረንዳ ያስሮጠናል። ያን ጊዜ ቀኑ አይቆጠርም። ባለተራዋ በሚቀጥለው ትደግማለች። «ዝናብ የበላውን ቀን በማንም ላይ አንቆጥርም» ይሉ ነበር። በአባታቸው ማሳም እንዲሁ ነበር አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልሳቱም፤ እኛም ተከራክረንበት አናውቅም።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ደሴ ላይ ለተዘጋጀ የትምህርት ቤቶች ውድድር ተመረጥን። ጉዞው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አንድ ወሬ መጣ። ከአንድ የስፖርት ማሠልጠኛ መልማዮች ይመጣሉ፤ ከየቡድኑ የሚፈልጉት አላቸው፤ ከኛ በኩል የሚፈልጉት አንድ ጋርድ ነው። የተመረጠች ልጅ ማደሪያ፣ ትምህርትና ሥልጠና ይሰጣታል። ወሬውን የሰማሁ ቀን እራት አልበላሁም። ጋርድ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተራ ሲደርሳቸው ይጫወቱበታል እንጂ ጋርዷ እኔ መሆኔን እነሱም ያውቃሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ዛሬ ስጽፈው ራሱ የሌላ ሰው ፍላጎት ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ቅዳሜ ነበር፤ ባለተራዋ ሌላ ልጅ ናት። የወረወርነው ሁሉ ከሰሌዳው በላይ ያልፋል፣ ወይም ሰሌዳውን መትቶ ወደኛው ይመለሳል። ተመልካቹ መጀመሪያ አዘነልን፣ በኋላ ሳቀ። ተሸነፍን። ጨዋታው ካበቃ በኋላ ጋሽ ይመር ወደ ቀለበቱ ሥር ሄደው ምሰሶውን በክንዳቸው ለኩት። ደግመው ለኩት። ከዚያ ወደ አንዱ ዳኛ ሄደው ሜትር ተዋሱና የገዛ ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ለኩ። ተመልሰው መጥተው ፊታችን ቆሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «የኛ ቀለበት በአንድ ስንዝር ይረዝማል። ክንዴ ነው የዋሸኝ። እናንተ በደንብ ነው የወረወራችሁት፣ ወደኔ ቀለበት ነው የወረወራችሁት።»

ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ አሠልጣኞች እየሰሙ ነበር፤ አልተሸማቀቁም። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን የዓለም ሰው ሁሉ ቢመጣ በጋሽ ይመር ላይ አንድ ቃል የሚያስነግረኝ አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ትክክለኛውን ቀለበት እንድንለማመድ ሜዳው ተፈቀደልን። ተራው የእኔ ነው። ገና ሻርፔን ስፈታ የደሴ ዝናብ ወረደ። ሜዳው በአንድ አፍታ ኩሬ ሆነ፤ ወዳደርንበት ክፍል እየሮጥን ተመለስን። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ቀኔን ዝናብ በላው፤ ስለዚህ እደግማለሁ፤ የምደግመው ደግሞ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ መልማዮቹ የሚመጡበት ግጥሚያ ነው። ፍራሼ ላይ ተጋድሜ የዝናቡን ድምፅ እየሰማሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሻይና ዳቦ ይዘን ክፍሉ ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ጋሽ ይመር ገቡ።

«የዛሬ ባለተራ ዘሀራ ናት» አሉ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። «ጋሼ፣ የትናንቱ እኮ የኔ ነበር። ዝናብ በላው» አልኳቸው።

«ተቆጥሯል።»

«እንዴት ይቆጠራል? እርስዎ ራስዎ…»

«እመቤት፣ ተቆጥሯል አልኩ።»

ሲናገሩ አላዩኝም፤ የሚያዩት የበሩን መቀርቀሪያ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሻያቸው ውስጥ አቀረቀሩ። ዘሀራ በዚያች በቀጭኗ ድምፅዋ፣ «እሷ ትጫወትበት፣ እኔ ግድ የለኝም» አለች።

«ዘሀራ፣ ጫማሽን እሰሪ» አሏት።

እኔ በዚያ ግጥሚያ ቀለበት ሥር ቆምኩ፤ በጭንቅላት ከሚበልጡኝ ልጆች መሀል። ዘሀራ ኳሱን ይዛ ወጣች። መልማዮቹ ሁለት ነበሩ፣ አንደኛው ደብተር ይዟል። በሁለተኛው ሩብ ላይ ያደረግሁትን እናገራለሁ፤ እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። ኳስ ከቀለበቱ ሥር አወረድኩና ለዘሀራ ሳቀብላት ሆን ብዬ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረወርኩት፣ ሰው እያየ እንዲያመልጣት። ጎንበስ ብላ ከመሬት አነሳችው። ቀና ስትል ጥፋቱ የሷ የሆነ ይመስል በዓይኗ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም። የምችለውን ሁሉ አቀበልኳት፤ የምችለው ደግሞ ብዙ ነበር። አሸነፍን። ደብተር የያዘው ሰውዬ የዘሀራን ስም ጻፈ።

ስንመለስ አቀስታን እስክናልፍ ድረስ በመኪናው ውስጥ ልጆቹ ዘፈኑ፤ እኔ በመስኮት ውጭውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ጋሽ ይመር ከፊት ወንበር አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና መልሰው ዞሩ። በማግስቱ ቀለበቱን በአንድ ስንዝር ዝቅ አደረጉት ብለው ልጆቹ ነገሩኝ። አላየሁትም፤ ሜዳውን ዳግም አልረገጥኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሕይወት ለዚህ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅምም። ተማርኩ፣ ፋርማሲስት ሆኜ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ዘሀራ ለአንድ ክለብ ስትጫወት ቆይታ አሁን አዲስ አበባ ሕፃናት ታሠለጥናለች፤ በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ እሷን አልጠላኋትም። ጋሽ ይመርን መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ «እንደምን ዋሉ» እላለሁ። «አልሃምዱሊላህ፣ አንቺስ?» ይላሉ። «ደህና» እላለሁ። በቃ፣ ስምንት ዓመት ይህችው ነበረች። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ቢሮ ሲደወል የመጡት እሳቸው ሆኑ። ሠርተው እስኪጨርሱ ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስመለስ ወለሉን ሳይቀር ጠርገውት ሄደዋል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ «ስላንቺ ጠየቁኝ፤ ጎበዝ ናት አልኳቸው፤ ማሻ አላህ አሉ» አለኝ። «እሺ» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የዛሬ አራት ወር ገደማ አንድ ጠዋት ማዘዣ ወረቀት ይዘው ገቡ። ቱታው በላያቸው ላይ ሰፍቷል። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ያንን መድኃኒት ለምን እንደሚያዝዙት አውቃለሁ፤ ነገሩ የት ድረስ እንደሄደ ገባኝ። አወሳሰዱን ነግሬ ሰጠኋቸው። አልሄዱም።

«እመቤት፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አሉኝ። «አፉ በይኝ።»

በኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ወይም የታመመ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ አፉታ ይጠይቃል፣ በድዬህ እንደሆነ ማረኝ ብሎ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለምዶታል፤ የሚጠየቀውም፣ «አፉ ብያለሁ፣ አንቱም አፉ በሉኝ» ይልና ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰላምታ አይበልጥም። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ስለዚያች ስለደሴዋ ቀን ነው የምልሽ። ዝናብ የበላውን ቀን አውቄ ነው የቆጠርኩብሽ።»

ማዘዣውን ለሁለት አጠፍኩት።

«የዘሀራ እናት ፓስፖርት አስወጥተውላት ነበር፣ ዕድሜዋን ጨምረው። ዐረብ አገር ልትሄድ የቀራት አንድ ሳምንት ነው። እናቷ አልቅሰው ነገሩኝ፣ ለሰው እንዳልናገር አስምለው። አንቺ እናትም አባትም አለሽ፣ ትማሪያለሽ አልኩ። ወላሂ እመቤት፣ ጋርዷ አንቺ እንደሆንሽ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ልጅቷ እንድትተርፍ ብዬ ያንቺን ቀን ሰጠኋት። ቀኑ ግን የኔ አልነበረም፤ ያንቺ ነበር። እኔ የምሰጠው አልነበረም።»

«ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው እለቅላት ነበር» አልኩ። ውሸቴን ነው። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ፍላጎቴ፣ ለማንም አልለቅም ነበር። እሳቸውም ያውቁታል፤ ሁለት ዓመት ያሠለጠኑኝ ሰው ናቸው።

«ሊሆን ይችላል» አሉ።

ከዚያ ቆሙ። እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አድርገው፣ መድኃኒቱን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። የሚጠብቁትን አውቃለሁ። ከባድ ቃል አይደለም፤ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይለዋል። እኔ ግን፣ «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩ። አሁንም ቆሙ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ገባች። «ምን ልስጥሽ?» ብዬ ወደሷ ዞርኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ ጋሽ ይመር ከኋላዬ። ስዞር ወጥተዋል።

ለምን እንዳላልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የተበደልኩ ሰው ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ቃሉን ከሰጠኋቸው ምን እንደሚቀረኝ አላወቅሁም። ትንሽ ልያዘው፣ ሲመለሱ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ተመለሱ። ከተመለሱ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። ነገ ሄጄ አያቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ የመድኃኒት ቆጠራ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ እናቴን ያማታል። ቤታቸው ከመድኃኒት ቤቱ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው።

ያንኑ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። ወንዶቹ ቀብር ወጥተዋል። በሙስሊሞቹ ወግ ሴት ወደ መቃብር አትሄድም፤ ሴቶቹ ሸራ በተወጠረበት ግቢ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከዳር ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ ያሉት ልጆች አሁን ጋሽ ይመር የሚያሠለጥኗቸው ነበሩ፤ ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። የኔ ደረቅ ነው። እንዳያዩኝ ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊት ሳብኩት።

ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ከመሀል ሆነው አዩኝ። «እመቤት ናት?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ቅረቢ፣ ልጄ።»

ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከኩ። እትዬ ከድጃ ድምፃቸው ዘግቷል፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው የተናገሩት።

«አዲስ አበባ ሊሄድ ያለ ጊዜ ከየሰዉ አፉታ ሲጠይቅ ሰነበተ። የሁሉም ቀሎት ያንቺ ነው የከበደው። ሦስት ቀን ደጃፍሽ ድረስ እየሄደ ተመልሷል። በአራተኛው ገባ።» እጄን ያዙት። «ከዚያ ሲመጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ከድጃ፣ አፉ አለችኝ፣ ከልቧ ነው ያለችኝ› አለኝ። ቁጭ ብሎ በላ። ስንት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር።»

«አላህ ይስጥሽ» አሉኝ ሴቶቹ ከግራም ከቀኝም። «ጀዛሽን ይክፈልሽ፣ የኔ ልጅ።»

ጋሽ ይመር ሰምተው የሚሳሳቱ ሰው አልነበሩም። ባንኮኒው ላይ ያልኩትንም ያላልኩትንም ቆመው ሰምተዋል። ቤታቸው ገብተው ያላልኩትን ብላለች አሉልኝ። ሚስታቸው አርፈው እንዲተኙ ብለው ይሆናል፤ እሳቸው ሲያልፉ ይህ ቤት እኔን በክፉ እንዳያየኝ ብለውም ይሆናል። አላውቅም። 

«እንዲያው ላስቸግርሽ» አሉ እትዬ ከድጃ ዝቅ ብለው። «ወንዶቹ መቃብሩ ላይ አፉ ይሉለታል። እኔ እዚያ ሆኜ አልሰማ። ያንቺን እንኳ ካንቺው አፍ ልስማው። ብለሽዋል አይደል?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ብያቸዋለሁ» አልኩ።

እጄን አገላብጠው ሳሙት። አልነጠቅኳቸውም።